ጉለሌና የርካሽ መድኃኒት ፈተና

በሰሜን አዲስ አበባ የሚገኘው ጉለሌ በኢትዮጵያ የመድኃኒት ታሪክ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። ከፒያሳ ተነሥቶ በሰሜን ሆቴል በኩል ወደ አዲሱ ገበያ የሚወጣው፣ ከዚያም በሳንሱሲ አልፎ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚዘልቀው መንገድ በግራው የፓስተርንና የጳውሎስን ሰፈር፣ በቀኙ የእንጦጦን ተዳፋት ትቶ ያልፋል። በዚህ አካባቢ ክትባት ተሠርቷል፤ የመንግሥት መድኃኒት ግዢና ሥርጭት ማዕከሉን እዚሁ አድርጓል፤ ረጅምና ውድ የሆነ ሕክምና በአጭርና በርካሽ ሊተካ ይችል እንደሆነም በሕሙማን ላይ ተሞክሯል።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የዓለምን የመድኃኒት ገበያ ካነጋገሩት ጉዳዮች አንዱ የወር አበባቸው ላቆመ ሴቶች የአጥንት መሳሳት የሚሰጠው ዴኖሱማብ እና እሱን በዝቅተኛ ዋጋ ለመተካት የመጡት ባዮሲሚላሮች ናቸው። ጥያቄው ርካሹ ከውዱ እኩል ይሠራል ወይ፣ ያንንስ ማን ያረጋግጣል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለጉለሌ እንግዳ አይደለም። መልኩን እየቀያየረ ለብዙ አሥርት ዓመታት እዚያው ሲጠየቅ ኖሯል።

ዘመናዊ መድኃኒት ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ፈተናውን የሚያደርግ አካል በአገር ውስጥ አልነበረም። የጆርጂያ ተወላጁ ሐኪም ዶክተር ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1910 የከተማዋን የመጀመሪያ ፋርማሲ ከፍቶ በአገሩ ስም ሰየመው። መድኃኒቱ በመርከብ ጂቡቲ ደርሶ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ወዲህ በአጋሰስ የሚመጣ ነበር፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ገዢው የሚያምነው የጠርሙሱን ጽሑፍና የሻጩን ቃል ነው። በአንጻሩ የአገሬው ኮሶ በልማድ የተፈተነ መጠንና ጊዜ ነበረው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ውስጥ ገብቷል። ከውጭ የመጣውን መርምሮ ለማለፉ የሚመሰክር ቤተ ሙከራ ግን ገና አልተሠራም።

ያንን የጀመረው የፓስተር ተቋም ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከፓሪሱ የፓስተር ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በጉለሌ ተቋቋመ። ሰፈሩም ታክሲ እስከሚጠራው ድረስ «ፓስተር» ሆኖ ቀረ። ተቋሙ ራሱ ግን ስሙን ደጋግሞ ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1964 ማዕከላዊ ቤተ ሙከራና ምርምር ኢንስቲትዩት ተባለ፤ በ1985 ብሔራዊ የጤና ምርምር ኢንስቲትዩት፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሥነ ምግብ ኢንስቲትዩትና ከባህላዊ መድኃኒት ክፍሉ ጋር ተዋሕዶ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፤ በመጨረሻም በደንብ ቁጥር 301/2006 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆነ። በስሞቹ መለዋወጥ ውስጥ የመንግሥታቱን መለዋወጥ መከታተል ይቻላል።

ፓስተር በሕዝቡ ዘንድ ስሙ የገነነው በእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። በውሻ የተነከሰ ሰው ከየክፍለ ሀገሩ ተጭኖ ወደ ጉለሌ ይመጣ ነበር። የሚሰጠው ክትባት ፌርሚ የሚባለው ዓይነት ነበር። የተዘጋጀ ቫይረስ በበግ አንጎል ውስጥ ይራባል፤ አንጎሉ ተፈጭቶ ይበጠበጣል፤ ቫይረሱ በፌኖል ይዳከማል፤ ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ በሆድ ላይ ይወጋል፤ ማጠናከሪያም ይከተለዋል። ሆዱን የተወጋ ሰው ጉዳዩን ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ይኖራል።

ይህ ክትባት በዘመናዊው አነጋገር «ሥነ ሕይወታዊ መድኃኒት» ነው። በኬሚካል ቀመር የሚቀመም አይደለም፤ ሕይወት ካለው ነገር የሚገኝ ነው። ስለዚህም እያንዳንዱ ዙር ምርት ከቀዳሚው ጥቂት ይለያል፤ ጥንካሬውም በየዙሩ በአይጦች ላይ ይፈተናል። በጉለሌ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠሩ ባለሙያዎች «ዘንድሮ የሠራነው ካምና ከሠራነው እኩል ነው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ባዮሲሚላር የሚለው ቃል ከመፈጠሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር።

የፌርሚ ክትባት ርካሽ ነበር፤ በአገር ውስጥ ይሠራል፤ በግ አይታጣም፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። ነገር ግን በአንጎል ውስጥ ያለው የነርቭ ሽፋን ንጥረ ነገር በአንዳንድ ተከታቢዎች ላይ ሽባነት እስከማስከተል የሚደርስ የነርቭ ጉዳት ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከነርቭ ሕዋስ የሚሠሩ ክትባቶች እንዲቀሩ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲመክር፣ በሕዋስ እርባታ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ክትባቶች ደኅንነታቸውም ኃይላቸውም የተሻለ ነበር። ዋጋቸው ግን ለድሃ አገር ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት አሮጌው ክትባት በኢትዮጵያ እስከ 2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ዘለቀ። ይህን ውሳኔ በጅምላ መኮነን አይገባም፤ ሌላ ምርጫ ያልነበረውን ሰው ያለ ጉለሌው ክትባት የሚጠብቀው ሞት ሊሆን ይችል ነበርና። ሆኖም አማራጭ ማጣት የእኩያነት ማስረጃ አይሆንም፤ ርካሹ በዚህ ጉዳይ ከውዱ ያነሰ ነበር።

ተቋሙ የሠራው ክትባት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብጫ ወባ ተነሥቶ ሕዝብ ሲፈጅ፣ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 30,000 ተገምቷል። ጉዳዩን ካጠኑት መካከል የፓስተሩ ዶክተር ሻርል ሴሪየ እና ባልደረቦቹ ነበሩ። የደም ናሙና መሰብሰብ፣ ማቀዝቀዝ፣ መመዝገብና መልሶ ማመሳከር ለጉለሌ ልማድ የሆነው በእንዲህ ያለው ሥራ ነው። መድኃኒት የሚፈተነው በዚሁ ልማድ ላይ ተመርኩዞ ነው፤ ማሽኑ ዘግይቶም ይደርሳል።

ኋላ ከጉለሌው ተቋም ጋር የተዋሐደው የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ለአጥንት ጉዳይ የቀረበ ውርስ ይዞ መጣ። ውልደቱ እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ሲሆን፣ ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ ከእሱ ወጣ። በ1968 ደግሞ አግሬን እና ጊብሰን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ ታተመ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ሽሮ፣ ጎመን እያንዳንዳቸው ምን እንደያዙ በቁጥር ተቀመጠ። ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች በካልሲየም ልቆ መገኘቱ፣ በ100 ግራም ከ150 ሚሊግራም የማያንስ እንደሚይዝ መታወቁ፣ የዚያ ዓይነቱ ልኬት ፍሬ ነው። እርሾውም የበኩሉን ያደርጋል፤ ሊጡ ሲቦካ ካልሲየምን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል።

ከዚህ ተነሥቶ የእንጀራ በላተኛ አጥንት አይሳሳም ማለት ግን ስሕተት ነው። ወተት በብዙ ቤት እንደልብ አይገኝም፤ በጾም ወራት ደግሞ ከገበታ ይርቃል። ፀሐይ በሞላበት አገር የቫይታሚን ዲ እጥረት አይኖርም የሚለውም ግምት አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያውያንን የቫይታሚን ዲ መጠን ከሰሜን አውሮፓ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ የኢትዮጵያውያኑን ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። አለባበስ፣ የቆዳ ቀለም፣ ቤት ውስጥ መዋል ሁሉም ድርሻ አላቸው።

የፋብሪካ መድኃኒት ታሪክ በሌላ መስመር ነው የሄደው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1961 ተጀመረ። በ1964 የመንግሥት ሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288 የፋርማሲን ሥራ በሕግ አሰረ፤ በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ኩባንያ ጋር በሽርክና ኢፋርም ተቋቋመ። በደርግ ዘመን ኢፋርሜኮር አስመጪና አከፋፋይ ሆነ፤ ቀጥሎ ፋርሚድ መጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 553/1999 ደግሞ የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተመሠረተ። የዛሬው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የእሱ ወራሽ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ስለሆነ፣ ለአገሪቱ የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚገዛው መድኃኒት ውሳኔ የሚሰጥበት ጠረጴዛ በጉለሌ ነው ማለት ይቻላል። ጳውሎስ ራሱ በ1961 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው አቅም ለሌለው ሕመምተኛ ታስቦ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የመድኃኒት ቤቶችን መደርደሪያ የሞላው ጄነሪክ ነው። የጄነሪክ ፈተና በአንጻራዊነት ቀላል ነው። የመጀመሪያው አምራች የብቻ መብቱ ሲያበቃ ሌላው ያንኑ ሞለኪውል ይሠራል፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ጤነኛ ሰዎች አንድ ጊዜ አንዱን፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን ይውጣሉ፤ በደማቸው ውስጥ የሚገኘው መጠን ይለካል። የሁለቱ ንጽጽር ከነስታቲስቲክስ ህዳጉ ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ከወደቀ እኩያ ናቸው ይባላል። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቁሞ ጥራትን፣ ደኅንነትንና ፈዋሽነትን የመመርመር ሥልጣን ሰጠው። አዋጅ ቁጥር 661/2002 ምግብንና የጤና አገልግሎትን ጨመረበት፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የዛሬውን የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ደነገገ። የሕጉ ቃል ከቤተ ሙከራው አቅም ቀድሞ እንደሄደ ግን አይካድም።

ማስረጃ ማቅረብ ራሱ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚያሳየው ታላቁ የኢትዮጵያ ምሳሌ ከጉለሌ ውጭ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። ከ1969 ጀምሮ ለ5 ዓመት በአድዋ በተደረገው ሙከራ የበሽታው ሥርጭት ከ63 ወደ 33 በመቶ ወረደ። እንዶድ በየጓሮው ይበቅላል፤ ተወዳዳሪው ግን ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገባ ኬሚካል ነበር። ቢሆንም በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ የመርዛማነት ምርመራ አልቀረበም ተብሎ ለረጅም ዓመታት ዳር ላይ ቆመ። ምርመራውን የሚያደርግ ገንዘብና ቤተ ሙከራ በአገር ውስጥ አልነበረም፤ የካናዳ ድጋፍ መጥቶ እስኪሟላ ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉ እና ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ ግኝቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ሞልቶት ነበር። ነገሩ ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱን ያበላሸው የማስረጃው ዋጋ ነው።

በጉለሌ እንዲህ ያለውን ማስረጃ በሥርዓቱ ካቀረቡት ሥራዎች ሁሉ የሚጠቀሰው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የተካሄደው ነው። ሆስፒታሉ በእንጦጦ ተዳፋት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተከፈተ ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው ሃያ ወር ገደማ ይታከም ነበር። በባንግላዴሽ የተሞከረ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር የሚወስድ ሕክምና ጥሩ ውጤት እንዳሳየ ሲሰማ፣ ስትሪም የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ነገሩን ሊፈትን ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሞንጎሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም 424 ሕሙማን በዕጣ ተመደቡ። በኢትዮጵያ የተሳተፉት ቅዱስ ጴጥሮስ እና የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ናቸው።

የጥናቱ አቀራረብ ለባዮሲሚላሩ ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። አጥኚዎቹ አጭሩ ሕክምና ይበልጣል አላሉም። ጥያቄያቸው ከረጅሙ አያንስም ወይ የሚል ነበር፤ «አያንስም» ለማለት የሚፈቀደውን ልዩነት አስቀድመው 10 የመቶ ነጥብ ብለው ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት በረጅሙ 79.8፣ በአጭሩ 78.8 በመቶ የሚሆኑት መልካም ውጤት እንዳገኙ አሳየ። አጭሩ አላነሰም። የልብ ምት መዛባት ምልክት ግን በአጭሩ ሕክምና በዝቶ ታየ፤ ይህም ተደብቆ አልቀረም። ወጪውም ተሰላ፤ በኢትዮጵያ ለአንድ ሕመምተኛ የጤና ሥርዓቱ የሚያወጣው ከ6,097 ዶላር ወደ 4,552 ዶላር ዝቅ አለ። ከጊዜ በኋላ በአፍ የሚወሰዱ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተው ያንንም ሕክምና ከመንገድ አስወጡት። ዘዴው ግን ጸንቶ ቆየ፦ ልዩነቱን አስቀድሞ መወሰን፣ በዕጣ መመደብ፣ ጉዳቱንም ዋጋውንም አብሮ መቁጠር።

የአጥንት መሳሳት በዚህ የበሽታ ሰልፍ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ ነው። ቲቢ፣ ብጫ ወባና የእብድ ውሻ በሽታ ሲፈጁ፣ ያረጀች ሴት ወገብ መጉበጥ እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ እርጅና ነው ይባላል። ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረችውን ወጌሻ ያያታል፤ ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ የምትቆይበት ጊዜ አጭር መሆኑ እንደ ዕጣ ይወሰዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለበሽታው በልኬት የተደገፈ ፍቺ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ የአጥንት ጥግግት ከወጣት ጤነኛ ሴት አማካይ 2.5 መደበኛ ልይይት ወይም ከዚያ በላይ ሲያንስ የአጥንት መሳሳት ይባላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዴክሳ የተባለው የራጅ መሣሪያ ስለሆነ፣ መሣሪያው በሌለበት በሽታው በመዝገብ ላይ የለም ማለት ነው።

በአዲሱ ገበያና በእንጦጦ ዙሪያ ይህ ጉዳይ የተለየ መልክ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ዘመን የተተከለው ባሕር ዛፍ የከተማዋ ማገዶ ሲሆን፣ ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሆኑ። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንጨት በጀርባቸው ጭነው ከተራራው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ ኖረዋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የዓለም የሥራ ድርጅት ኑሯቸውን አስጠንቷል። በወጣትነት ክብደት መሸከም አጥንትን ያጠነክራል፤ ከማረጥ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንትን የሚያፈርሱት ሕዋሳት ከሚገነቡት ይበልጣሉ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። በዚያ ጊዜ የተጎነበሰ ወገብ ላይ የሚጫን ሸክም አከርካሪን ሊሰብር ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ስብራቱ እንደ ተራ የወገብ ሕመም ታልፎ ይቀራል።

ለዚህ ሕመም በሰፊው የሚታዘዘው አሌንድሮኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ተፈቅዶ በ2008 በአሜሪካ ጄነሪኩ ወጣ፤ ዛሬ ርካሽ ነው። አወሳሰዱ ግን ጥብቅ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን በባዶ ሆድ በንጹሕ ውኃ ተውጦ ለግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ያስፈልጋል። ከተዋጠው ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ከቡና ጋር ከተወሰደ ያችው በ60 በመቶ ትቀንሳለች። ጠዋት ቡና ሳይጠጡ ነገር በማይጀመርበት ቤት ይህ ትእዛዝ ቀላል አይደለም። ጄነሪክነቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ በደም ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂት በመሆኑ እኩያነቱ ብዙ ጊዜ በሽንት ይለካል።

ዴኖሱማብ ከዚህ የተለየ ነው። በስድስት ወር አንድ ጊዜ 60 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር ይወጋል። አጥንት አፍራሽ ሕዋሳትን የሚቀሰቅሰውን ራንክ ሊጋንድ የተባለ ፕሮቲን የሚያግድ አንቲቦዲ ነው፤ የሚመረተው በሃምስተር እንቁላል ዕጢ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ፍሪደም በተባለው ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆኑ 7,868 ሴቶች ለሦስት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው፣ አዲስ የአከርካሪ ስብራት መድኃኒቱን ባላገኙት 7.2፣ ባገኙት 2.3 በመቶ ሆነ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ፤ መድኃኒቱም በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቀደ። ከአሌንድሮኔት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነው።

የዚህን መድኃኒት ግልባጭ መሥራት የኬሚካልን ቀመር እንደ መቅዳት አይደለም። ሁለት ባለሙያ ሴቶች በአንድ ገብስና በአንድ ጌሾ ጠላ ቢጠምቁ ጠላቸው ቢመሳሰልም ፍጹም አንድ እንደማይሆን ሁሉ፣ በሕያው ሕዋስ የሚሠራ ፕሮቲን ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ ተመሳሳይ እንጂ አንድ ነው አይባልም፤ «ባዮሲሚላር» የተባለውም በዚሁ ነው። አውሮፓ የመጀመሪያውን ባዮሲሚላር እ.ኤ.አ. በ2006 ፈቀደች፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን በ2009 አውጥቶ በ2022 አሻሻለው። ለአጥንት መሳሳት ቀድመው የመጡት በ2017 በአውሮፓ የተፈቀዱት የቴሪፓራታይድ ባዮሲሚላሮች ናቸው። በአሜሪካ የዴኖሱማብ የመጀመሪያው ባዮሲሚላር የሳንዶዙ ጁቦንቲ ሲሆን በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ።

ፈተናው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ የፕሮቲኑ ቅርጽ፣ የተለጠፉበት ስኳሮች፣ ከዒላማው ጋር የሚጣበቅበት ኃይል በቤተ ሙከራ ይነጻጸራል። የባዮሲሚላር ማስረጃ ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ከሰው ላይ ሙከራው ይበልጥ ልዩነትን ያጋልጣል። ቀጥሎ ወደ ሴቶች ይኬዳል። ሳንዶዝ ባካሄደው ሮዛሊያ የተባለ ጥናት የወር አበባቸው ያቆመ 527 ሴቶች ተሳትፈዋል፤ ሴልትሪዮን 479፣ ሳምሰንግ ባዮኤፒስ 457 ሴቶችን አሳትፈዋል። በፍሪደም ከነበሩት ወደ 8,000 የሚጠጉ ሴቶች አንጻር ይህ ቁጥር ለምን አነሰ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምክንያቱ ባዮሲሚላሩ መድኃኒቱ ስብራት እንደሚከላከል እንደገና እንዲያረጋግጥ አለመጠየቁ ነው። የሚጠየቀው ከመጀመሪያው እንደማይለይ ነው፤ ለዚህ ስብራት እስኪቆጠር መጠበቅ አያስፈልግም። የወገብ አከርካሪ ጥግግት በ52 ሳምንት ስንት በመቶ እንደጨመረ፣ አጥንት ሲፈርስ ወደ ደም የሚገባው ሲቲኤክስ የተባለው ቅንጣት ምን ያህል እንደቀነሰ ይለካል። በሮዛሊያ በሁለቱ መካከል የሚፈቀደው የጥግግት ልዩነት 1.45 የመቶ ነጥብ ነበር። ከዚያም አልፎ ከመጀመሪያው ወደ ባዮሲሚላሩ የተዛወሩት ሴቶች አካላቸው መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ተዋግቶት እንደሆነ ታይቷል። በሦስቱም ጥናቶች እኩያነቱ ተረጋግጧል።

ከሦስቱ አንዱም በኢትዮጵያ አልተካሄደም። ይህ ብቻውን መድኃኒቱን አያስጥለውም፤ ራንክ ሊጋንድ በአውሮፓዊትና በኢትዮጵያዊት ሰውነት ሥራው አንድ ነው። መጠየቅ ያለባቸው ሌሎች ናቸው። የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እጥረት ያለባት ሴት ዴኖሱማብ ስትወጋ የደሟ ካልሲየም በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በተለይ ከባድ የኩላሊት ሕመም ላለባቸው እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ደም መመርመርና እጥረቱን ማከም ግድ ነው። በ1968 የታተመው የምግብ ልኬትና በ1999 የታየው የቫይታሚን ዲ ጉድለት እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ሌላው ጉዳይ መቋረጥ ነው። አሌንድሮኔት በአጥንት ውስጥ ተቀምጦ ከቆመ በኋላም ለጊዜው ይሠራል። ዴኖሱማብ ግን አይቀመጥም፤ ቀጣዩ መርፌ ከዘገየ አጥንት አፍራሾቹ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ የተገነባው ይፈርሳል፤ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ብዙ የአከርካሪ አጥንት በተከታታይ ይሰበራል። ለማቆም ከተፈለገ ሌላ መድኃኒት ተክቶ ነው። አቅርቦቱ አንድ ጊዜ ገብቶ ሌላ ጊዜ በሚታጣበት ገበያ ይህ መድኃኒት ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ጄነሪክ አሌንድሮኔት በእንዲህ ያለ ሁኔታ ይበልጥ ይቅር ባይ ነው፤ የጳውሎስ ጎረቤት የሆነው አቅራቢ ድርጅት ሁለቱን ሲያመዛዝን ከመርፌው ዋጋ ይልቅ በየስድስት ወሩ ሳይቋረጥ የመምጣቱ ዋስትና ሊያሳስበው ይገባል። መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላ በክፍል ሙቀት የሚቆየው ለ14 ቀን ብቻ ነው።

ቁጥጥሩ ባለፉት ዓመታት ጠንክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 የኢትዮጵያን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በብስለት ደረጃ ሦስት ላይ አስቀምጦታል፤ ይህም የተረጋጋና በሚገባ የሚሠራ ሥርዓት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባለሥልጣን የእያንዳንዱን ባዮሲሚላር ሙከራ በአገር ውስጥ አያስደግምም፤ ጠንካራ ተቆጣጣሪዎች የመረመሩትን ሰነድ ተቀብሎ የራሱን ጥያቄ ይጨምርበታል። ከገባ በኋላ ደግሞ ሥራው ወደ መድኃኒት ቤቱና ወደ ክሊኒኩ ይወርዳል። የባዮሲሚላር ጉዳት ሲመዘገብ ሞለኪውሉን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ የምርቱ የንግድ ስምና የምርት ዙር ቁጥር አብረው መጻፍ አለባቸው፤ ያለዚያ አንዱ አምራች ያመጣው ችግር ከሌላው አይለይም። የፓስተር ባለሙያዎች በእያንዳንዱ ጠርሙስ ክትባት ላይ የዙር ቁጥር ይጽፉ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።